በዕዳ መዝገብ የታደሰ ቤት፦ የሬምብራንት መኖሪያና ስቱዲዮ በአምስተርዳም

ጁላይ 25 እና 26 ቀን 1656 የአምስተርዳም የኪሳራ ንብረት ጽሕፈት ቤት ሰዎች ወደ ሠዓሊው ሬምብራንት ቫን ሬይን ቤት ገብተው ያገኙትን ሁሉ ቆጥረው መዘገቡ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቆጠራው ከመግቢያው አዳራሽ፣ አድሪያን ብራወር ከሣለው አንድ ትንሽ የጋጋሪ ሥዕል ጀመረ። ከክፍል ወደ ክፍል እየተሻገረም 363 ተራ ቁጥር ደረሰ። ሥዕሉና ሐውልቱ ብቻ ሳይሆን ታጥበው ለመንጣት ተሰጥተዋል የተባሉ 3 የወንድ ሸሚዞች፣ 6 መሐረቦች፣ 12 የገበታ ፎጣዎችና 3 የጠረጴዛ ልብሶች ሳይቀሩ ተጽፈዋል።

የመዝገቡ ዓላማ ንብረቱን ሸጦ ለአበዳሪዎች መክፈል ነበር፤ ተሸጠም። ከ340 ዓመት በኋላ ግን ያንኑ ቤት እንደገና ለመሙላት የተነሡት ባለሙያዎች በእጃቸው ከነበሩት ማስረጃዎች ዋነኛው ይኸው የሐራጅ ዝርዝር ሆነ። ዛሬ የሬምብራንት ቤት ሙዚየም ውስጥ የሚዞር ሰው የሚያየውን በትክክል እንዲረዳ መጀመሪያ ይህንን ማወቅ አለበት። ግድግዳው የድሮው ነው፣ የክፍሎቹ አሠራር ከመዝገብ የተነበበ ነው፣ ዕቃው ግን ከሞላ ጎደል የሌላ ሰው ነው።

ዕዳው

ቤቱ የተሠራው በ1606 እና 1607 ነው። በ1627 ገደማ ፎቅ ተጨምሮለት ፊቱ በአዲስ መልክ ታነጸ፤ ዛሬ ከመንገዱ የሚታየው ባለ ሦስት ማዕዘን ግንባር የዚያን ጊዜ ሥራ ነው። ሬምብራንት በጃንዋሪ 1639 ሲገዛው ዋጋው 13,000 ጊልደር ነበር። አንድ ጥሩ የእጅ ባለሙያ በዓመት 300 ጊልደር ገደማ በሚያገኝበት ዘመን ይህ ከ40 ዓመት ገቢ በላይ ነው። ውሉ ሩቡን በአንድ ዓመት ውስጥ፣ ቀሪውን ደግሞ በአምስት ወይም በስድስት ዓመት እንዲከፍል ይጠይቅ ነበር።

ሠዓሊው ገቢ አጥቶ አልነበረም። ትዕዛዝ ነበረው፣ እየከፈሉ የሚማሩ ተማሪዎችም ነበሩት፤ በ1642 ያጠናቀቀው «የሌሊት ዘብ» የዚህ ቤት ዘመን ሥራ ነው። ገንዘቡ ግን ወደ ቤቱ ዕዳ አልሄደም። ከሐራጅ ላይ የጣሊያን ኅትመቶች፣ የጦር መሣሪያ፣ የባሕር ዛጎል፣ የሮም ነገሥታት ምስሎች ይገዛ ነበር። በ1653 ሻጩ ትዕግሥቱ አልቆ ከነወለዱና ከነግብሩ 8,400 ጊልደር በላይ ሲጠይቀው ሬምብራንት ከሌሎች ሰዎች ተበድሮ ከፈለ። ይህ ዕዳን በዕዳ መተካት ነበር። የተበደረበት ጊዜም ክፉ ነበር፤ ከ1652 እስከ 1654 ከእንግሊዝ ጋር የተደረገው የባሕር ጦርነት የከተማዋን ንግድ ጎድቶት ነበር። በ1656 ንብረቱን ለአበዳሪዎች ለማስረከብ አመለከተ፤ ቤቱ በ1658 በ11,218 ጊልደር ተሸጠ። ቤተሰቡ በዚያው ከተማ በሮዘንግራኽት በዓመት 225 ጊልደር ቤት ተከራይቶ ገባ። ሬምብራንት በ1669 አረፈ።

ባዶው ቤትና ሁለት የአጠባበቅ መንገዶች

ከሽያጩ በኋላ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ውስጡ ተደጋግሞ ተለዋወጠ፣ እያረጀም ሄደ። የአምስተርዳም ከተማ በ1906 የሠዓሊው 300ኛ የልደት ዓመት ሲከበር ገዛው፤ በ1907 ለተቋቋመው ድርጅት አስረከበውና አርክቴክቱ ዴ ባዜል እድሳቱን ያዘ። ጁን 10 ቀን 1911 ንግሥት ቪልሄልሚና መርቀው ከፈቱት።

ዴ ባዜል የ17ኛውን ክፍለ ዘመን ክፍሎች አስመስሎ ለመሥራት አልሞከረም። የውጪውን ፊት አድሶ፣ ውስጡን በራሱ ዘመን ጨዋ አሠራር አዘጋጅቶ፣ የሬምብራንትን የመዳብ ኅትመቶች ለማሳየት አዋለው። ይህ ሐቀኛ ውሳኔ ነበር፤ ያልተረጋገጠ ነገር አልጨመረም። ጉድለቱ ደግሞ ሰው የሠዓሊ ቤት ገብቶ የሠዓሊውን አኗኗርም አሠራርም ሳያይ መውጣቱ ነው።

ሁለተኛው መንገድ የተጀመረው በጎኑ የተሠራው አዲስ ክንፍ በ1998 ሲከፈት ነው። የኅትመት ማሳያው፣ ቢሮውና ትኬት ቤቱ ወደዚያ ስለተዛወሩ አሮጌው ቤት ተለቀቀ። የሕንፃ ታሪክ ሊቁ ሄንክ ዛንትካይል በመራው ጥናት ክፍሎቹ ተመልሰው ተሠርተው በ1999 ለሕዝብ ተከፈቱ። ለጥናቱ ሦስት ዓይነት ማስረጃ ተይዟል። የመጀመሪያው መዝገቡ ነው፤ ጸሐፊው ቤቱን በእግሩ እየዞረ ስለጻፈ የክፍሎቹ ቅደም ተከተል ራሱ የመተላለፊያና የደረጃ ካርታ ይሰጣል። ሁለተኛው በግድግዳና በወለል ተሸካሚ እንጨቶች ላይ የቀረው ምልክት ነው፤ የተደፈነ በር፣ የደረጃ ቀዳዳ፣ የምድጃ ቦታ። ሦስተኛው ሬምብራንትና ተማሪዎቹ ቤት ውስጥ የሠሯቸው ንድፎች ናቸው።

ከሦስቱ መካከል መዝገቡ ጠንካራውም አደገኛውም ነው። ለሐራጅ የተሠራ ዝርዝር የሚሸጠውን እንጂ ያለውን ሁሉ አይጽፍም። ከግድግዳ ጋር የተያያዘ ምድጃ ተነቅሎ ስለማይሸጥ አይገኝበትም። የዕቃው ስም ይጻፋል፤ ከየትኛው ግድግዳ ሥር፣ ከመስኮቱ ምን ያህል ርቆ እንደነበር ግን አይጻፍም። የሥራ መሣሪያ፣ እንደ ብሩሽና ቀለም ያለው፣ እምብዛም አይታይበትም። ስለዚህ የመግቢያው አዳራሽና የጥበብ ዕቃዎቹ ክፍል ከመዝገቡ በጥሩ ሁኔታ ሲነበቡ፣ ሰው በጣም ሊያየው የሚጓጓው ስቱዲዮ ከሌላ ምንጭ መሟላት ነበረበት።

የሠዓሊን ወይም የደራሲን ቤት የመጠበቅ ኃላፊነት ያለበት ሰው እዚህ ላይ ቢያተኩር ይጠቅመዋል። አዲስ አበባ ላይ አንባቢ የሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌን ቪላ አልፋ ማሰቡ አይቀርም። ለወራሾች ክፍፍል የሚሠራ ቆጠራ «3 ወንበር፣ 1 ጠረጴዛ» ብሎ ያልፋል። ለሙዚየም የሚሠራው ቆጠራ ደግሞ አንድም ዕቃ ከቦታው ከመነሣቱ በፊት ክፍሉን ከአራቱም ማዕዘን ፎቶ አንሥቶ፣ የወለሉን ንድፍ በልኬት ሠርቶ፣ እያንዳንዱን ዕቃ ከሁለት ግድግዳዎች ያለውን ርቀት በሴንቲ ሜትር ጽፎ ይጀምራል። መሳቢያ ተከፍቶ ውስጡ እንዳለ ይመዘገባል። የደረቀ ቀለም ያለበት ጣሳና ያረጀ ብሩሽ «ቆሻሻ» ተብሎ የሚጣለው በመጀመሪያው ሳምንት ጽዳት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመልሰው የለም።

በክፍሎቹ መካከል

ዙሩ ብዙውን ጊዜ ከምድር ቤቱ ማድቤት ይጀምራል። መዝገቡ እዚህ ቆጣቢ ነው፤ የቆርቆሮ የውሃ ዕቃ፣ ጥቂት ድስትና መጥበሻ፣ ትንሽ ጠረጴዛ፣ የምግብ ቁም ሣጥን፣ አሮጌ ወንበሮች። ፎቅ ላይ ካለው የጥበብ ሀብት አጠገብ ሲነበብ የሰውየው ገንዘብ ወዴት ይሄድ እንደነበር ግልጽ ነው።

ወደ ላይ ሲወጣ መግቢያ አዳራሹና የእንግዳ ክፍሉ በሥዕል የተሞሉ ናቸው። ሬምብራንት ሥዕል ነጋዴም ስለነበር ገዢ የሚቀበለው እዚህ ነው። በእንግዳ ክፍሉ መዝገቡ የዎልነት ጠረጴዛ ከነልብሱ፣ አረንጓዴ ቬልቬት የለበሱ 7 የስፓኝ ወንበሮች ይቆጥራል። የተሰቀሉት ሥዕሎች የአስተማሪው የፒተር ላስትማን፣ የተማሪዎቹና የዘመኑ ሠዓሊዎች ናቸው። ቀጥሎ ባለው ሳሎን ከግድግዳ ጋር የተሠራ ሣጥን አልጋ አለ። ሚስቱ ሳስኪያ በጁን 1642፣ ልጃቸው ቲቱስ ገና ዓመት ሳይሞላው፣ ያረፈችው በዚህ ቤት ነው።

ፎቅ ላይ በጀርባ በኩል የጥበብ ዕቃዎቹ ክፍል ይገኛል። ዛጎል፣ ኮራል፣ ቀንድ፣ የራስ ቁር፣ ጦርና ቀስት፣ የዓለም ሉሎች፣ የነገሥታት ራሶች፣ በመደርደሪያው ላይም በአልበም የተጠረዙ ኅትመቶች። አንዳቸውም ሬምብራንት የነካቸው አይደሉም፤ መዝገቡ ስማቸውን ከጠራቸው ዓይነቶች እየተፈለጉ የተገዙ ናቸው። ይህ የሚያሳዝናቸው ጎብኚዎች አሉ። ክፍሉ ግን የሠዓሊውን የሥራ አካሄድ ለመረዳት ከሁሉ የበለጠ ይረዳል፤ የራስ ቁሩ፣ ጋሻውና የሩቅ አገር ልብሱ በሥዕሎቹ ውስጥ ተመልሰው የሚመጡ መሣሪያዎች ነበሩ።

ከላይ ተማሪዎቹ ይሠሩበት የነበረው ትንሹ ስቱዲዮ አለ። መዝገቡ ይህን ክፍል በአምስት መደብ ከፍሎ ይዘረዝረዋል፤ ከመደቦቹ በአንዱ ብቻ ከሕይወት በጂፕሰም የተቀዱ 17 እጆችና ክንዶች ነበሩ። ተማሪ ሕያው ሰው ከመሣሉ በፊት በእነዚህ ይለማመዳል። በ2023 በተጠናቀቀው እድሳት ቀደም ሲል ለሕዝብ ዝግ የነበረው የጣሪያ ሥር ክፍልም ተከፍቶ የጉብኝቱ ቦታ በሲሶ ገደማ ሰፍቷል።

ትልቁ ስቱዲዮ

ጊዜ የሚሰጠው ለዚህ ክፍል ነው። ከመንገዱ በኩል ያሉት ትላልቅ መስኮቶች ወደ ሰሜን ያያሉ። በሰሜን ንፍቀ ክበብ የሰሜን መስኮት ቀጥተኛ ፀሐይ እምብዛም አይገባበትም፤ ብርሃኑ ከሰማይ ተበትኖ ስለሚመጣ ጥላው ከጠዋት እስከ ማታ ቦታውን እምብዛም አይቀይርም። ሰውን ለሰዓታት አስቀምጦ ለሚሥል ይህ ወሳኝ ነው። የሥዕል ማቆሚያው የተተከለው ብርሃኑ ከግራ እንዲመጣ ተደርጎ ነው፤ በቀኙ የሚሥል ሰው የእጁ ጥላ ሸራው ላይ እንዳያርፍበት።

አሁን በኦክስፎርድ አሽሞልያን ሙዚየም ያለ አንድ የሬምብራንት ንድፍ ሞዴል በመስኮት አጠገብ ተቀምጣ፣ የታችኛው የመስኮት ክፍል ተዘግቶ፣ በላይኛው በኩል ጨርቅ ተወጥሮ ያሳያል። ይህ ብርሃኑን ከላይ ብቻ አስገብቶ ለማለዘብ የሚደረግ ነው። በስቱዲዮው የተወጠረው ጨርቅ ከዚያ ንድፍ የመጣ ነው። «የሌሊት ዘብ» ግን እዚህ ተሣለ ማለት ያስቸግራል፤ ሳይቆረጥ በፊት ሸራው 4 በ5 ሜትር ገደማ ስለነበር በግቢው ጀርባ በተሠራ መጠለያ ሥር ተሠርቶ ይሆናል የሚለው ግምት ያመዝናል።

በክፍሉ የቀለም አዘገጃጀት ለጎብኚዎች ይታያል። የቀለም ዱቄቱ በጠፍጣፋ የድንጋይ ሰሌዳ ላይ ተከምሮ መሐሉ ይጎደጉዳል፤ የተልባ ዘይት በጠብታ ይገባበታል። በቢላ ተለውሶ ጠንካራ ሊጥ ሲሆን ከሥሩ ጠፍጣፋ በሆነ የድንጋይ መፍጫ በሰፊው እየተዞረ ይደቆሳል፤ ከጠርዙ እየተጠረገ ይመለሳል፤ እህል የመሰለ ነገር ከመፍጫው ሥር መሰማቱ እስኪያቆም ይቀጥላል። ጀማሪ የሚሳሳተው ዘይቱ ላይ ነው። ዱቄቱ መጀመሪያ ደረቅ ስለሚመስል ይጨምርበታል፤ በድቆሳው ግን ሊጡ ራሱ ይላላል። ዘይት የበዛበት ቀለም ይፈሳል፣ ሲደርቅም ላዩ ይጨማደዳል። መጠኑም እንደ ዱቄቱ ይለያያል፤ ከእርሳስ ማዕድን የሚሠራው ነጭ ጥቂት ዘይት ሲበቃው ቡናማ አፈሮች ብዙ ይጠጣሉ። ከሰማያዊ ብርጭቆ የሚፈጨው ስማልት ደግሞ ከመጠን በላይ ከደቀቀ ቀለሙ ይጠፋል። የእርሳሱ ነጭ መርዝ ነው፤ ዱቄቱን ያለ ጭንብል ማንሣት አይገባም። በቱቦ የታሸገ ቀለም የመጣው በ1841 ነው፤ ከዚያ በፊት የተረፈው በአሳማ ፊኛ ታስሮ ይቀመጥ ነበር።

ሬምብራንት የነካው ሊባል የሚችል ዕቃ ከተፈለገ ከሽንት ቤቱ ጉድጓድ የወጡት ሁለት የሸክላ ማሰሮዎች ናቸው። በ1997 በተደረገው ቁፋሮ ከቤቱ ሥር ተገኙ፤ ውስጣቸው የቀረው ቅሪት ሲመረመር ከሥዕሉ በፊት ለሸራው መደብ (ሥረኛ ሽፋን) ሆኖ የሚቀባው የኳርትዝና የሸክላ አፈር ውሕድ ሆኖ ተገኘ። ሬምብራንት ይህን መደብ ከ«የሌሊት ዘብ» ጀምሮ በብዛት ተጠቅሞበታል። ከእርሳሱ ነጭ በጣም ርካሽ ስለሆነ ለትልቅ ሸራ ያዋጣል። ጠቆር ያለ ቡናማ ስለሆነም ጥላዎቹ ከሥር ተዘጋጅተው ይጠብቁታል። ሰባራ ማሰሮ በቅርሱ ከ7ቱ ወንበሮች በላይ ይመዝናል፤ ማንም ሊሸጠው ስላልፈለገ መዝገብ ውስጥ አልገባም፣ ስለተጣለም ከሐራጁ ተረፈ።

መዳቡና ጃንደረባው

ሬምብራንት 290 ገደማ የኤቺንግ (በመዳብ ሰሌዳ ላይ በአሲድ ተበልቶ የሚታተም ሥዕል) ሥራዎች አሉት፤ ሙዚየሙም አብዛኞቹን ሰብስቧል። የማተሚያው ትርኢት ሲታይ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። የተወለወለ የመዳብ ሰሌዳ ጠርዙ በሞረድ ይዘቀዘቃል፤ ካልተዘቀዘቀ ወረቀቱንና የማተሚያውን ፈልት (ወፍራም የሱፍ ጨርቅ) ይቆርጣል። ቅባቱ ተጠርጎ ይሞቅና ሰም፣ ሙጫና አስፋልት የተቀላቀለበት ሽፋን በስሱ ይቀባል። በመርፌ የሚሣለው ሽፋኑን ለመግፈፍ ያህል ነው፣ መዳቡን መቁረጥ አያስፈልግም። ሰሌዳው አሲድ ውስጥ ሲገባ የተገፈፈው መስመር ይበላል። ቀጭን ሆነው መቅረት ያለባቸው መስመሮች ቀድመው በቫርኒሽ ተሸፍነው ሰሌዳው እንደገና ይነከራል፤ ጥቁሩ የሚገኘው በቆይታ ነው። ከዚያ ሽፋኑ ይጠረጋል፣ ቀለም በመስመሮቹ ውስጥ ይታሻል፣ ላዩ በጨርቅና በመዳፍ ይጸዳል፣ እርጥብ ወረቀት ተደርቦበት በሁለት ሲሊንደሮች መካከል ያልፋል።

የሚበላሸው በሦስት ቦታ ነው። ሽፋኑ ከመጠን በላይ ሲሞቅ ይሰነጠቅና አሲዱ ባልታሰበ ቦታ ነጥብ ነጥብ እያደረገ ይገባል። የጣት ቅባት የቀረበት ቦታ ሽፋኑ ይላቀቃል። ወረቀቱ ከደረቀ ደግሞ ወደ መስመሩ ስለማይገባ ኅትመቱ ይቆራረጣል። ሬምብራንት በተጨማሪ በደረቅ መርፌ መዳቡን በቀጥታ ይቧጥጥ ነበር፤ በመስመሩ ዳር የሚቀረው የመዳብ ፍቅፋቂ ቀለም ይዞ እንደ ቬልቬት የለሰለሰ ጥቁር ይሰጣል። ፍቅፋቂው ግን በፕሬሱ ግፊት ከጥቂት ደርዘን ኅትመት በኋላ ይዳጣል። ከአንድ ሰሌዳ የወጡ የመጀመሪያና የኋለኛ ኅትመቶች ዋጋቸው የሚራራቀው ለዚህ ነው።

ለአማርኛ አንባቢ ከእነዚህ ኅትመቶች አንዱ ልዩ ነው። በ1641፣ በዚህ ቤት በነበረበት ዘመን፣ ሬምብራንት በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጻፈውን የኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ጥምቀት በመዳብ ሠርቷል፤ ከ18 በ21 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ጃንደረባው ተንበርክኳል፣ ፊልጶስ ያጠምቀዋል፣ በፈረስ የተቀመጠ አጃቢ ይመለከታል። ሬምብራንት ኢትዮጵያን አላያትም፣ ከአገሩም ወጥቶ አያውቅም። ሆኖም ጥቁር ሰዎችን ከመጽሐፍ ብቻ አልነበረም የሚያውቃቸው፤ በዚያው ሰፈር ከፖርቹጋል በመጡት አይሁድ ጎረቤቶቹ አቅራቢያ መርከበኞችና የቤት ሠራተኞች የነበሩ አፍሪካውያን ይኖሩ ነበር። ሙዚየሙ ራሱ በ2020 በሬምብራንት ዘመን ስለነበሩ ጥቁር ሰዎች ዐውደ ርእይ አዘጋጅቷል። የ1656ቱ መዝገብም «ሁለት ጥቁር ሰዎች በአንድ ሥዕል» የሚል የሬምብራንት ሥራ ይጠቅሳል። በሄግ ማውሪትስሃይስ ያለው ተመሳሳይ ሥዕል 1661 የሚል ዓመት ስላለበት ያው መሆን አለመሆኑ አከራካሪ ነው።

ከመሄድ በፊት

ቤቱ ዮደንብሬስትራት 4 ነው፤ ከዋተርሎፕሌይን ሜትሮ ጣቢያ የጥቂት ደቂቃ መንገድ። ትኬት ከነሰዓቱ በኢንተርኔት አስቀድሞ መያዝ ይሻላል፤ ክፍሎቹ ጠባብ ስለሆኑ በአንድ ጊዜ የሚገባው ሰው የተወሰነ ነው። የሚከፈትበትን ቀንና የትርኢቶቹን ሰዓት ያኔውኑ ማየት ያስፈልጋል። ሁለት ሰዓት ይበቃል። በአሮጌው ቤት ያለው ጠመዝማዛ ደረጃ ዳገታማና ጠባብ ነው፤ ጉልበት ለሚያመው ሰውና ለሕፃን ጋሪ ይከብዳል፣ ስለዚህ በአዲሱ ክንፍ በኩል የትኛው ክፍል እንደሚደረስ መግቢያው ላይ ይጠየቅ።

ስቱዲዮው በቀን ብርሃን ነው መታየት ያለበት። በዲሴምበር አምስተርዳም ላይ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ፀሐይ ትጠልቃለች፤ ከሰዓት በኋላ ዘግይቶ የገባ ሰው የሰሜኑን መስኮት ጥቅም ሳያይ ይወጣል። በማለዳ ገብቶ ከማድቤቱ ይልቅ በስቱዲዮው መቆየት ነው። የዘይት ሥዕሎቹን አያለሁ ብሎ የሚመጣ ሰው ደግሞ ያዝናል፤ «የሌሊት ዘብ» በዚያው ከተማ በራይክስሙዚየም ነው፣ በእግር ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል።

የኅትመቶቹ ማሳያ በየጊዜው ይቀያየራል። ወረቀት ብርሃን ስለሚጎዳው በ50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ) ገደማ ለጥቂት ወራት ብቻ ታይቶ ወደ ጨለማ ማከማቻ ይመለሳል። ስለዚህ የጃንደረባው ኅትመት በዚያ ሳምንት ግድግዳ ላይ መኖሩ እርግጠኛ አይደለም፤ አስቀድሞ በኢሜይል መጠየቅ ይሻላል። ካልተሰቀለ ሬምብራንት በ20 ዓመቱ፣ በ1626፣ በዘይት የሣለው የጃንደረባው ጥምቀት በዩትሬኽት ካታራይነኮንቬንት ሙዚየም አለ፤ ከአምስተርዳም በባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው።